የማያ አማና፦ ከአዳማ እስከ መካነ ሰላም

እሁድ

መካነ ሰላምን አብዛኞቻችሁ አታዩዋትም፤ እኔም ጉዳይ ባይጠራኝ ኖሮ አላያትም ነበር። የአዳማ ሰው ወደ ደጋ የሚወጣው ወይ ሊያለቅስ ወይ ሊድር ነው። እኛ ብርድ የምንለው በክረምት ሌሊት አንሶላ ላይ ነጠላ መደረብን ነው፤ ስለዚህ ይህን ማስታወሻ የሚያነብ የቆላ ሰው ስለ እግሬ የማማርረውን ሁሉ በትዕግሥት ይለፍልኝ።

ዘምዘም የደወለችልኝ ዳቦ ከምድጃ እያወጣሁ ሳለ ነው። አዳማ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ።

«አልማዝዬ፣ አረብኛሽ አለ ወይስ ከሊጡ ጋር ጋገርሽው?» አለችኝ።

«አለ። የሚሰድቡበት ግን ከሚያወሩበት ይበልጣል።»

«ይበቃል። ነይልኝ!»

ዘምዘምና እኔ ቤይሩት ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ የሰው ቤት ሠርተናል። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ ሦስተኛ፣ ማያ የምትባል የኔፓል ልጅ ደግሞ አምስተኛ ላይ ነበርን። የምንገናኘው ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ ነው። ሦስታችንም ፓስፖርታችንን ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ በከፊላችን እጅ ላይ ነበር። ከፊል በአረብኛ ዋስ ማለት ነው፤ ከአገርሽ ያስመጣሽ፣ በአገሩ ሕግ ስለ አንቺ የሚጠየቅ አሠሪ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ከፊል ማለት ግማሽ ነው። ዘምዘም ያኔ «ልክ ብለዋል፤ እሱ ወረቀታችንን ሲይዝ እኛ ግማሽ ሆነን እንቀራለን» ትል ነበር።

ዛሬ ዘምዘም በተወለደችበት በመካነ ሰላም የበግ ሱፍ የሚሠራበት ቤት አላት። የምታሠራቸው ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ነው። ሙያውን የምታስተምራቸው ያቺው ማያ ናት። የማያ ቤተሰብ በአገሩ በሱፍ የሚተዳደር ነውና ዘምዘም በሕጉ መንገድ፣ አሠሪ ሆና፣ የሥራ ፈቃድ አውጥታ አስመጥታታለች። አሁን ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አገሬው ሙያውን እየተማረ መሆኑን ያያል፤ ሠራተኛዋ በፈቃዷ መኖሯንም አሠሪዋ በሌለችበት፣ በአስተርጓሚ ይጠይቃታል። አስተርጓሚው ታዲያ የአካባቢው ሰው እንዳይሆን ብለዋል።

«እዚህ አረብኛ የሚችል ሞልቷል» አለች ዘምዘም፤ «ግን ግማሹ ዘመዴ ነው፣ ግማሹ ሠራተኛዬ።»

«ባይታደስስ?»

«ማያ ትሄዳለቻ። ሴቶቹ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሥራውም አብሯት ይሄዳል።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ደግሞ እኔ ሰው ይዛለች ተብዬ ልጻፍ? ወላሂ አልማዝ፣ ከዚያስ ሞት ይሻለኛል።»

ዳቦ ቤቱን ለባሌ አስረከብኩት። እሱም በምላሹ መቅደላን አይቼ፣ ፎቶ አንስቼ እንድመጣ አዘዘኝ። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ እህቴ ቤት አደርኩ። እህቴ ክፍት ጫማዬን አይታ «በዚህ ነው ወሎ የምትሄጂው?» ብላ ሳቀች። ምክር አልወድም፤ በዚያው ሄድኩ።

ሰኞ

መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ከዋጋው በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። ትኬት ቆራጩ «ሰሞኑን ሰላም ነው» አለኝ፤ «ሰሞኑን» የምትለው ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። ደግነቱ እውነቱን ነበር።

በሙከጡሪ በኩል ወጣን። ሜዳው ለጥ ብሎ ደስ ሲለኝ ድንገት መሬቱ ተቆረጠና ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወረድን። ታች ሙቀቱ የአዳማ ሆነ፤ ልቤም ዘና አለ። ዳሩ የወረደ መውጣቱ አይቀርም። ዓለም ከተማን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ከመስኮቱ ገባ። የእኔ መስኮት ደግሞ አልዘጋም አለ። ረዳቱ በጡጫ መታው፣ በካልቾ መታው፣ በመጨረሻ ካርቶን ሰጠኝና «በዚህ ያዢው» አለኝ። ወረኢሉ ድረስ ካርቶን ደግፌ ሄድኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት እጄ ሲደክም ይቀበሉኝ ነበር። የገብስ ቆሎ አውጥተው በእፍኜ ሞሉልኝ። ቤይሩት እንደነበርኩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«የኔም ልጅ ጅዳ ናት። አልሀምዱሊላሂ፣ ከፊሏ ደግ ነው አለችኝ።»

እንዴት እንዳሉት ልብ በሉ። የእኛ አገር ሰው «ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው» እንደሚለው ነው። ደግ ከሆነ ተመስገን፣ ክፉ ከሆነም ምን ይደረጋል! እሳቸው እንደዚያ ሲሉ ነደደኝ፤ በእሳቸው ግን አልነበረም። ቆሏቸውን ቆረጠምኩ።

ወረኢሉ ስንገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች፣ አዛን እየተባለ ነበር። ያረፍኩበት መኝታ ቤት ባለቤት ሶፊያ የሚባሉ ፈርጠም ያሉ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቀረ።

«እኔን! ይቺን ልጅ ማን በባዶ እግሯ ላካት?»

«ጫማ አድርጌያለሁ እኮ።»

«ይኼማ ጫማ አይደለም፤ የጫማ ወሬ ነው።»

እራት የገብስ እንጀራ በምስር ወጥ አቀረቡልኝ። እኛ ጋ ገብስ ለበሶ ነው፤ እንጀራው ግን እንደ ዳቦ ያጠግባል። ማታ ላይ እሳቸው ራሳቸው ባና ይዘው መጡ። ባና ከበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሲለብሱት ይኮሰኩሳል፣ ግን አንዴ ከሞቀ ከውስጡ መውጣት አይታሰብም። ከባናው ጋር ግራጫ የሱፍ ካልሲ ወረወሩልኝ።

ጠዋት ካልሲውን አጣጥፌ ስመልስ ተቆጡ። «ምን ብዬ ነው እምቀበልሽ? እንግዳ እግሩ ሳይሞቅ ከቤቴ ወጣ ልባል?»

«ከየት ነው የገዙት?» አልኳቸው፤ አሠራሩ የገበያ አይመስልም ነበር።

«ከመካነ ሰላም። አንዲት የሩቅ አገር ልጅ አለች፤ እጇ ወርቅ ነው አሉ።»

ማያ ከእኔ ቀድማ እግሬን ተቀበለችው ማለት ነው። ክፍት ጫማ በካልሲ አድርጌ፣ የአዳማ ሰው ቢያየኝ ዕድሜ ልኬን የሚስቅብኝን መልክ ይዤ፣ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ከወረኢሉ ወደ ጉጉፍቱ፣ ከዚያ በአቀስታ ታጥፎ ወደ መካነ ሰላም ነው መንገዱ። ጉጉፍቱ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ ነበር። በአዳማ ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ እዚህ ነፋሱ የሚያመጣው ደመና ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ እስከ ዓይን መድረሻ በጎች ነበሩ፣ ከእርሻ ድንጋይ የማይለዩ ግራጫና ቡናማ በጎች። ዘምዘም ቤይሩት ጣሪያ ላይ ሆና ለማያ «በእኛ አገር በግ ሞልቷል፤ ጸጉሩን የሚፈልገው የለም» ያለቻት ትዝ አለኝ። ማያ ያኔ ማዳሟ የጣለችውን ሹራብ እየተረተረች ካልሲ ትሠራ ነበር።

አቀስታ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሾፌሩን ይመክር ጀመር፤ በዚህ ወሎም አዳማም አንድ ናቸው።

መካነ ሰላም ስደርስ ሁለቱም መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁኛል። ዘምዘም ወፈር ብላለች። ማያ አላረጀችም፤ ሻሽ አስራ፣ የወሎ ሴት መስላ። ተቃቅፈን ስናበቃ ከሰማሁት ሁሉ የገረመኝን ነገር በአማርኛ ተናገረች።

«እንኳን ደህና መጣሽ! አብሽሪ፣ ብርዱ አይገልሽም።»

አብሽሪ! አይዞሽ ማለት ነው፤ እኔ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ አልለውም።

ዘምዘም ሙስሊም ናት፤ እኔ ክርስቲያን። የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ታውቃለች። ስለዚህ በጉን ከነነፍሱ ለጎረቤቷ ለእትዬ አስካለ ሰጥታ፣ እዚያ በክርስቲያን እጅ ታርዶ፣ በእትዬ አስካለ ድስት ተሠርቶ ጠበቀኝ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ናቸው። አንገታቸው ላይ ከማተቡ ጋር የሳጥን ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ዘምዘም «እትዬ፣ ደክማችኋል፣ ተቀመጡ» እያለች በብዙ ቁጥር ነው የምታናግራቸው፤ በዚያ አገር ትልቅ ሰው አንድ ሆኖ አይጠራም። እሳቸው ግን ቆመው «በሞቴ! ነገ ረቡዕ ነው፤ ዛሬ ካልበላሽ መቼ ልትበዪ ነው?» እያሉ ያጎርሱኛል። ዘምዘምና ማያ አብረውን ተቀምጠው የራሳቸውን ሹሮ ይበላሉ። በግ አሳርዶ ሹሮ የሚበላ አስተናጋጅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ረቡዕ

የሱፍ ቤቱ ከከተማው ጫፍ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ሴቶቹ ሱፉን ያጥባሉ፣ ያበጥራሉ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እያሹ እየጠቀለሉ ወፍራም ጨርቅ ያደርጉታል። የቤት ጫማ፣ ምንጣፍ፣ ኮፍያ ይወጣዋል። ጥቅልሉ አንዴ ከተጀመረ አይተውም፤ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። ማያ በመካከላቸው እየዞረች «እሺ፣ እሺ፣ ኧረ ጠንከር!» ትላለች። አንዷ ደከመኝ ስትል «ወላሂ አልደከመሽም» ብላ መለሰችላትና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«አገርሽን ይመስላል?» አልኳት ማያን፣ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል እያየን።

«የእኛ ተራራ ነጭ ነው፣ ማንም አይነካው» አለችኝ በአረብኛ። «የእነዚህን ተራራ ግን እስከ ጫፉ አርሰውታል። እናቴ ብታይ ሰነፎች ነን ትለኝ ነበር።»

ሴቶቹ ዘምዘምን «ማዳም» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች፤ ግን አንድ ጊዜ በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንሆን ሳቋ ቆመ።

«ቀልድ አይደለም እኮ» አለች። «ፈቃዱ የተጻፈው በእኔ ስም ነው። ማያ እኔን ትታ ልሂድ ብትል ፈቃዷ ይወድቃል። እዚያ ከፊል የሚሉት እዚህ አሠሪ ተባለ እንጂ ገመዱ ያው ነው። ሕጉ ሰው አስሮ ነው የሰጠኝ።»

«አንቺ እንደነሱ አይደለሽማ።»

«እነሱም ስለ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉ።» ሱፍ ከቀሚሷ ላይ ለቀመች። «የመጣች ቀን ፓስፖርቷን አውጥታ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። ለመደችውና! ያረቢ፣ እሳት የዘረጋችብኝ ነው የመሰለኝ። አታሳዪኝ፣ እኔ ቤት አታስቀምጪው፣ የት እንዳለም አትንገሪኝ አልኳት። እስከ ዛሬም አላውቅም።»

ይህን ስትነግረኝ እንዴት ኮራሁባት! ነገሩ እንዴት ሊገለበጥባት እንደሚችል ግን ሁለታችንም አላሰብንም።

ምሳ ሹሮ ነበር፤ ለእኔ ረቡዕ ስለሆነ፣ ቅቤ ነክቶት በማያውቅ በአዲስ ድስት የተሠራ።

ሐሙስ

ተቆጣጣሪው ረፋድ ላይ ደረሰ። ጎልማሳ፣ ትሑት፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የሆነ ሰው ነው። ሴቶቹን አንድ በአንድ አነጋገረ። ሐዋ የምትባለው ስትሠራ ቆሞ አየና፣ ጨርቁን ዳሶ፣ «ማን አስተማረሽ?» ሲላት በአገጯ ወደ ማያ ጠቆመች። የሙያው ጉዳይ በቀላሉ አለፈ።

ቀጥሎ ዘምዘምን ወደ ውጭ ላካትና እኔን፣ ማያንና ራሱን ጓሮ ውስጥ አስቀመጠ። ከአሠሪዋ ጋር እንዴት እንደምንተዋወቅ ጠየቀኝ፤ ሳልደብቅ ነገርኩት።

«የምትለውን ብቻ» አለኝ። «አታሳምሪላት፣ አታሳጥሪባት። በሌላ ሰውም አጣራለሁ።»

«እርስዎ ይጠይቁ፣ እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም» አልኩ። ቁጡ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ደመወዟን በወቅቱ ታገኛለች? ታገኛለች። የምትኖርበት ቤት በር ቁልፍ በእጇ ነው? በእጇ ነው። የዕረፍት ቀን አላት? እዚህ ላይ ማያ ሳቀች። «አርብ ሙስሊሞቹ አይሠሩም፣ እሁድ ክርስቲያኖቹ አይሠሩም። በመካከሉ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ መውሊድ አለ። እኔ ልሥራ ብል የሚሠራ አጣሁ በይልኝ።» እንዳለችው ተረጎምኩ። ተቆጣጣሪው ከንፈሩን ነክሶ ጻፈ።

እውነቱን ልናገር፦ እሱ እያንዳንዱን ሲጠይቅ እኔም በልቤ የራሴን መልስ እሰጥ ነበር። ቤይሩት በነበርኩባቸው ዓመታት አንድም ሰው መጥቶ እነዚህን ጥያቄዎች አልጠየቀኝም። በአገሬ፣ ጭቃ የረገጠ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለባዕድ አገር ልጅ ሲጠይቅ አየሁ። ኮራሁ።

ከዚያ «ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው?» አለ።

ማያ እኔን አልጠበቀችም። በአማርኛ «ለእትዬ አስካለ አማና ሰጥቻለሁ» አለችው።

«አማና?»

«አደራ ማለት ነው» አልኩት። «ለእትዬ አስካለ ሰጥቻለሁ ትላለች።»

«አስካለ ምኗ ናቸው?»

መዋሸት አልችልም። «የአሠሪዋ ጎረቤት ናቸው።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «እንዲህ ያለ መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ» አለ ሳይቆጣ። «ዛሬ ዛሬ አሠሪው ራሱ አይዝም። ለእህቱ ይሰጣል፣ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ሲፈልግ ያስመጣዋል።»

ዘምዘም ተጠራች።

«ፓስፖርቷ የት ነው?»

«አላውቅም።»

«አሠሪዋ አይደለሽም እንዴ?»

«አሠሪዋ ስለሆንኩ ነው የማላውቀው!»

«እትዬ አስካለ ጋ ነው ትላለች። እንግዲያው ሄደሽ አምጪልኝ» አላት በለሰለሰ ድምፅ።

ዘምዘም እፎይ ብላ በሩጫ ወጣች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይዛው ከመጣች አለቀላት። አሠሪ ሄዳ፣ ጠይቃ፣ የሠራተኛዋን ፓስፖርት ተቀብላ መምጣት ከቻለች፣ ትናንትም ትችል ነበር፣ ነገም ትችላለች። ሰውዬው የፈለገው ፓስፖርቱን አልነበረም። ጮኼ እንዳልመልሳት ደግሞ የተባለውን ብቻ የምናገር አስተርጓሚ ነኝ። ማያ ነገሩ አልገባትምና ጥቅልሏ እንዳይቀዘቅዝባት ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ተቀምጬ የእትዬ አስካለን ደግነት አሰብኩ፤ በግ አሳርደው ያጎረሱኝን እጅ። ዘምዘምን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት። እንዴት እምቢ ይሏታል?

ዘምዘም ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል፤ እጇ ባዶ ነው።

«እምቢ አሉኝ!» አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ለመንኳቸው፣ መንግሥት ነው የፈለገው አልኳቸው። ወላሂ ለእኔ እምቢ ይሉኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ውሸታም መሰልኩ።»

ተቆጣጣሪው ብድግ አለ። «እስቲ እኔ ልሞክር» አለ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ቁጣ አለመሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። መታወቂያውን አውጥቶ አሳያቸው።

«እማማ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት።»

«እሰይ! መንግሥት ደጄ መጣ። ተቀመጥ ልጄ፣ ጠላ ቅመስ።»

«ይቆየኝ። የማያን ፓስፖርት ለማየት ነው።»

«እሱን አልሰጥህም።»

«ለምን?»

«አንተ አልሰጠኸኝማ።»

«የመንግሥት ሥራ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ይሁን፤ ማን ከለከለህ? እሷን ጥራት። የሰጠችኝ እሷ ናት፣ የምትቀበለኝም እሷ ናት። ዘምዘሜንም አሁን አስቀይሜ ሰደድኳት፤ እሷን አስቀይሜ አንተን ላስደስት? አማና እኮ ነው ልጄ። ሙስሊሙም ያኖርብኛል፣ ክርስቲያኑም ያኖርብኛል። ዛሬ ለባለ መታወቂያ ብሰጥ ነገ ማን ያምነኛል?»

ዘምዘምን አየኋት። ገብቷታል። ግድግዳውን ተደግፋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ማያ ተጠርታ የሳሙና ውኃ ከእጇ እየተንጠባጠበ መጣች። እትዬ አስካለ መጀመሪያ «እጅሽን ጥረጊ» ብለው ተቆጧት። ከዚያ ከአንገታቸው ቁልፉን አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ሰጧት። «የጸሎት መጽሐፏ መስሎኝ ከዳዊቴ ጋር ነው ያኖርኩት» አሉ። ከፍተው አላዩትማ።

ማያ ጨርቁን ፈታ ለተቆጣጣሪው አሳየችው። ገልብጦ አየና መለሰላት። እሷም ሳትጠየቅ መልሳ ጠቀለለችና ለእትዬ አስካለ ዘረጋች።

«አሁንስ ለምን ራስሽ አትይዢውም?» አላት።

በአረብኛ መለሰች፤ ሳላሳምር ተረጎምኩ። «ቤይሩት ራሴ የደበቅሁትን ሁሉ ማዳም ታገኘው ነበር። በዓለም ላይ ያየሁት የማይከፈት ሳጥን ይሄ ብቻ ነው።»

ተቆጣጣሪው ቁጭ አለ። «እማማ፣ ያን ጠላ ልቅመስ» አላቸው።

እኔ ወሎዬ አይደለሁም። ያን ቀን ግን ወሎዬ ነኝ ብዬ ብምል ደስ ባለኝ።

አርብ

ከተማው ለጁምዓ ሲሰናዳ እኔ ለመንገድ ተሰናዳሁ። ማያ የሱፍ ጫማ ሰጠችኝ፤ አዳማ ውስጥ መቼ እንደማደርገው እግዜር ይወቅ። እትዬ አስካለ በቅቤ የታሸ የበሶ ጭኮ ቋጥረውልኝ «አርብ ነው፣ ዛሬ እንዳትነኪው» ብለው አስጠነቀቁኝ። ስሰናበታቸው እጄን አልለቀቁም።

«አንቺም ከነማያ ጋር ነበርሽ አሉ። ያንቺንስ ወረቀት መለሱልሽ?»

«አልመለሱልኝም እትዬ። በአንዲት የይለፍ ወረቀት፣ በሊሴ ፓሴ ነው የገባሁት።»

«ሰጥተሻቸው ነበር ወይስ ወሰዱብሽ?»

ይህንንም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ወሰዱብኝ» አልኩ።

«እንግዲያ በእጃቸው የነበረው አማና አይደለም። የሌባ ዕቃ ነው» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ እስከ አቀስታ አለቀስኩ፤ ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ። ወረኢሉ ሳድር ሶፊያ ካልሲው እግሬ ላይ መሆኑን አይተው ክፍሉን በነፃ ሰጡኝ።

አዳማ

ባሌ «መቅደላስ?» አለኝ። አላየሁም። የአንዲት አሮጊት ሳጥን አየሁ አልኩት፤ ተራራው ይሻል ነበር ብሎ አኮረፈ።

ጥቂት ሰንብቶ፣ ዳቦ እያወጣሁ ሳለ፣ ዘምዘም ደወለች። ድምፅዋ ከስልኩ ሊወጣ ደርሷል።

«አልማዝዬ! ታደሰ! ወረቀቱ መጣ!»

እልል አልኩ፤ ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ የቀድሞው ልማዴ ይሁን ወይ ነገረኛነቴ፣ «ወረቀቱን የት አስቀመጣችሁት?» አልኳት።

ዘምዘም ሳቀች፣ እንደ ቤይሩቱ ጣሪያ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለችኝ።